ጥፋቱ የስልኩ ብቻ ነውን?

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የሚታወስ ነው። በየዕድሩና በየፋብሪካው ደጃፍ የተሰጠውም ፍርድ ፈጣን ነበር፦ ትውልዱን ያበላሸው ቲክቶክና ዘፈን ነው ተባለ።

ይህ አመለካከት ከእውነት ፈጽሞ የራቀ ነው አንልም። ስልክ ታቅፎ የሚያነጋ ተማሪ መኖሩን የማያውቅ ወላጅ የለም። ዳሩ ግን አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ በጭፈራ ብቻ ሊተረጐም ይችላልን?

ቴክኒክን በጭፍን መኰነን፣ በጭፍን ከማምለክ ብዙም አይለይም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ብዙዎቻችን የጥራት ችግር ተፈታ ብለን ነበር። ሆኖም ከሳተላይት በእንግሊዝኛ የሚወርደው ትምህርት፣ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ አያይለትም፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። መምህሩ ከአስተማሪነት ወደ ማብሪያ ማጥፊያ ጠባቂነት ወረደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአንጻሩ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መሣሪያው ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ዛሬ ስለ ስልክ ከሚያማርሩት አዛውንት መካከል ፊደል የቆጠሩት በዚያው ዘመቻ የሆነ ጥቂቶች አይደሉም። ከፊታቸው ቆሞ የተሳሳቱትን የሚያርም ሰው ነበራቸውና።

ስለዚህ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ለሒሳቡና ለፊዚክሱ ክፍለ ጊዜ መምህር መመደቡ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ሠራተኛው ልጁን ይዞ ሊመጣ በሚችልበት ሰዓት መከፈቱ ነው። የስልኩ ነገር ቀጥሎ ይነሣል።