ስለ ቪታሚን ኤ እና ስለ ዳፍንት

ቪታሚን የሚለውን ቃል ያልሰማ እጩ መምህር በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኬ እያልን ለፈተና ስንሸመድደው የኖርነው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሽምደዳው ቪታሚንን የመድኃኒት ቤት ዕቃ አስመስሎብን፣ በጓሮአችን ጎመንና በእናቶቻችን የወተት መናጫ ውስጥ እንዳለ ልብ አንልም። ስለዚህ ሁሉንም ልዘርዝር አልልም። ስለ አንዱ፣ ስለ ቪታሚን ኤ፣ እርሱ ሲጎድልም ስለሚመጣው ስለ ዳፍንት እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ቪታሚን ማለት ሰውነታችን በራሱ የማይሠራው፣ ወይም ቢሠራም የማይበቃው፣ በጥቂቱ ግን የግድ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ነው። ኃይል አይሰጥም፤ ሥጋ ወይም አጥንት አይሆንም። ጥቂት የተባለው ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። አንድ የ5 ዓመት ልጅ በቀን 400 ማይክሮግራም ያህል ቪታሚን ኤ ይበቃዋል። በዚህ ሂሳብ 1 ግራም ለ2,500 ቀን፣ ማለት ወደ 7 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያደርሰዋል። ታዲያ ይህችን ታህል ነገር ያጣ ልጅ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ቪታሚን የሚለውን ስም ያወጣው በፖላንድ አገር የተወለደው ካዚሚር ፉንክ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1912 ነው። በዓመቱ በ1913 አሜሪካ ውስጥ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኤልመር ማኮለምና ማርገሪት ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን በሁለት ወገን ከፍለው ሲመግቡ፣ ለአንደኛው ወገን የአሳማ ሞራ ወይም የወይራ ዘይት፣ ለሁለተኛው የቅቤ ስብ ወይም ከእንቁላል አስኳል የወጣ ስብ ሰጡ። ሁሉም ስብ በሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ከጊዜ በኋላ ማደጋቸውን አቆሙ፣ ቅቤና አስኳል ያገኙት አደጉ። በቅቤው ውስጥ ያለው ያ ነገር በኋላ ቪታሚን ኤ ተባለ።

እንግዲህ ይህን ቅቤ ወደ ጎጃም ቤት እናምጣው። ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። ቅቤው ወይ ገበያ ይሄዳል፣ ወይ ለእንግዳ ወጥ ይቀመጣል፣ ወይ ራስ ይቀባበታል። ለልጁ የሚደርሰው አሬራው፣ ሲብስም አጓቱ ነው። ቪታሚን ኤ በስብ እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ ከቅቤው ጋር ተያይዞ ይወጣል። አሬራ ለአጥንትና ለሰውነት መገንቢያ የሚሆን ብዙ ነገር ስላለው እርሱን ማናናቅ አይገባም፤ ለዓይን የሚሆነው ግን ገበያ ሄዷል። እንዲህ ሲባል አንዳንዱ ቶሎ ብሎ “ቅቤ አትሽጡ” ማለት ይቀናዋል። ይህ ለድሃ ቤት የሚነገር ምክር አይመስለኝም። በዚያ ቅቤ ዋጋ ጨው ይገዛል፣ የልጁም ደብተር ይገዛል። ከመናጡ በፊት አንድ ኩባያ ወተት ለትንሹ ልጅ ቀንሶ ማስቀረት ግን የሚቻል ነገር ነው።

የጉበትም ነገር እንዲሁ ነው። ከምግብ ሁሉ በቪታሚን ኤ የበለጸገው ጉበት ሲሆን በእኛ አገር ግን በዓመት በዓል ሲታረድ ዱለት ሆኖ ለአባወራና ለእንግዳ ይቀርባል። ልጆች አጥንት ይዘው ውጪ ይጫወታሉ።

ዳፍንት የሚመጣው እንዴት ነው? በዓይናችን የውስጥ ግድግዳ ላይ ደብዛዛ ብርሃን የሚቀበሉ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሮዶፕሲን በሚባል ቀለም ይሠራሉ፤ ሮዶፕሲን የሚሠራው ደግሞ ከቪታሚን ኤ ነው። ቪታሚኑ ሲያልቅ ልጁ ቀን እንደ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መንገዱ ይጠፋዋል። ይህ መጀመሪያው ነው። ሲቆይ የዓይኑ ነጭ ይደርቅና እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነጠብጣብ ይታይበታል። ከዚያም ብሌኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለው የዓይን ፊት ይቆስላል። ጉዳቱ በዓይን ብቻ አይቆምም። ቪታሚን ኤ የሳንባንና የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚጠብቅ እርሱ የጎደለው ልጅ ኩፍኝና ተቅማጥ ይጠናበታል፣ እስከ ሞትም ያደርሰዋል።

ሰውነት የተረፈውን ቪታሚን ኤ በጉበት ውስጥ እንደ ጎተራ ያከማቻል። በክረምት ጎመን ጠግቦ የበላ ሰው ለወራት ሊቆይበት ይችላል። የትንሽ ልጅ ጎተራ ግን ትንሽ ናት። የሁዳዴን 55 ቀን እናስብ። ጾሙ የሚውለው በበጋ፣ ውሃ በሌለበት ጓሮ ጎመኑ ሲጠወልግ ነው። ሕፃን መጾም ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን ቤቱ የጾም ወጥ ብቻ ከሠራ እርሱም የሚበላው ያንኑ ነው። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ድንቹ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ቪታሚን ኤ የላቸውም ማለት ይቻላል። (በርበሬ አለው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ዳሩ ግን የ3 ዓመት ልጅ ስንት በርበሬ ይችላል?)

በጾም ጊዜ የሚረዱን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ዱባ ናቸው። እነዚህ ቪታሚኑን ሳይሆን ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲን ይይዛሉ። 1 ማይክሮግራም ቪታሚን ኤ ለማግኘት ከምግብ 12 ማይክሮግራም ያህል ቤታ ካሮቲን ስለሚያስፈልግ አንድ ቀን በልቶ መተው አይበቃም። ከጎመኑም ገርጣ ካለው የመሐል ቅጠል ይልቅ ጥቁር አረንጓዴው የውጪው ቅጠል ይበልጣል። ደግሞም በውሃ ብቻ የተቀቀለ ጎመን ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ስብ ከሌለ አንጀት በሚገባ አይቀበለውም። ኑግ በሚያበቅል አገር አንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት ጠብ ማድረግ ጾም አያስፈታም።

ይህ ነገር እኛን እጩ መምህራንን የሚመለከተው ከዚህ ላይ ነው። በአገራችን የቪታሚን ኤ ካፕሱል በየ6 ወሩ የሚሰጠው ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት ነው። አንደኛ ክፍል የሚገባው የ7 ዓመት ልጅ ከዚያ ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ተምሮ ሲመሽ ወደ ቤቱ የሚደናበረውን፣ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን፣ መስኮቱ ጠባብ በሆነ ክፍል ደመና ሲሆን ሰሌዳው የሚጠፋበትን ልጅ ቀድሞ ሊያይ የሚችለው መምህሩ ነው። ሰነፍ ወይም ፈሪ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እናቱን ግን “እማማ፣ ልጅዎ ሲመሽ እንደ እኩዮቹ ያያል? ዳፍንት አለበት?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በፈረንጅ ስም ከመጠየቅ ይልቅ ዳፍንት ቢሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የጤና ኬላው ሥራ ነው። ዳፍንት በዘር የሚመጣበት ጊዜም ስላለ መለየት ያስፈልጋል። ካፕሱሉንም መምህር ከየትም አምጥቶ አይሰጥም፤ ከመጠን ያለፈ ቪታሚን ኤ በጉበት ተጠራቅሞ ይመርዛል፣ በእርጉዝ ሴት ሆድ ያለውን ፅንስም ይጎዳል። በቪታሚን ኤ እጥረት የመጣ ዳፍንት ተገቢውን መድኃኒት ካገኘ ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ልጁ ማታ ማየት ይጀምራል። የዓይኑ ፊት ከቆሰለና ጠባሳ ከያዘ በኋላ ግን ካፕሱሉ ቢሰጥም የጠፋው ብርሃን አይመለስም።