ከግብ አስቆጣሪነት ወደ አሠልጣኝነት፦ የመንግሥቱ ወርቁ ሁለት ዘመናትና የምዘና ጥያቄ

ስመ ጥር ተጫዋች ከሜዳ ተሰናብቶ አሠልጣኝ ሲሆን ተመልካች የሚጠብቀው ያንኑ የቀድሞውን ድል ነው። ይህ ጥበቃ መነሻው ተጫዋችነትና አሠልጣኝነት አንድ ሙያ ናቸው የሚል እሳቤ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የመንግሥቱ ወርቁን የተጫዋችነትና የአሠልጣኝነት ዘመን በማነጻጸር፣ እሳቤው የት ላይ እንደሚሳሳት ያመለክታል።

በሜዳ፦ 1954 ዓ.ም.

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲካሄድ የተሳተፉት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳ እና በወቅቱ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናቸው። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ስታሸንፍ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ሁለት ግቦችን አስቆጠሩ። ጥር 13 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆነች። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን ግብ አክለው ግብፅ 4 ለ 2 ተሸነፈች። መንግሥቱ በ3 ግቦች ከግብፁ በደዊ ዓብደል ፈታሕ ጋር የውድድሩን የግብ አግቢነት ደረጃ በጋራ መሩ። በኋላ በተካፈሉባቸው ውድድሮች ያስቆጠሯቸው ሲታከሉ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ያገቧቸው ግቦች 10 ደርሰዋል።

ይህ ውጤት የግል ችሎታ ብቻ አልነበረም። ውድድሩ በአገር ሜዳ ተካሄደ፤ ለዋንጫው የሚያስፈልገውም ሁለት ጨዋታዎችን ማሸነፍ ብቻ ነበር። ቡድኑ እንደ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ያሉ በአሥመራ ያደጉ ተጫዋቾችን ከአዲስ አበባዎቹ ጋር አጣምሮ ይዟል። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ ናቸው። ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት የሚወስደው መንገድ መንግሥቱ ከመጓዛቸው በፊት የተጀመረ ነበር ማለት ነው።

በአሠልጣኝነት፦ 1974 ዓ.ም.

ከሃያ ዓመት በኋላ መንግሥቱ ብሔራዊ ቡድኑን ይዘው ወደ ሊቢያ ተጓዙ። አሁን የሚወዳደሩት ስምንት ቡድኖች ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ የደረሳት ምድብ ናይጄሪያን፣ ዛምቢያንና አልጄሪያን የያዘ ነበር። ቡድኑ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ተለያየ። በሦስት ጨዋታ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ከምድቡ ተሰናበተ።

በተጫዋችነት መስፈርት ሲታይ ይህ ውድቀት ይመስላል። የተጋጣሚዎቹ ማንነት ሲመረመር ግን ፍርዱ ይለወጣል። ናይጄሪያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች፤ ዛምቢያና አልጄሪያ ከዚህ ምድብ ወደ ግማሽ ፍጻሜ አለፉ። ኢትዮጵያ ግብ ያልተቆጠረባት የአልጄሪያ ቡድን ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፏል። ከሁሉም በላይ፣ ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ ነው። ተከታዮቹ ዓመታት የማጣሪያውን ክብደት ስላሳዩ፣ የ1974ቱ ተሳትፎ ራሱ እንደ ውጤት ሊቆጠር ይገባል።

ጊዜ እንደ መመዘኛ

ለንጽጽር የግብፁ ማህሙድ አል ጎሃሪ ታሪክ ይጠቅማል። በ1951 ዓ.ም. ግብፅ በካይሮ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ስታሸንፍ ሦስቱን ግቦች ያስቆጠሩት እርሳቸው ነበሩ። አሠልጣኝ ሆነው በመሩት የ1984 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ግን ቡድናቸው ሁለቱንም የምድብ ጨዋታዎች ተሸንፎ ያለ ግብ ተመለሰ። ነገር ግን ኃላፊነቱ እንደገና ተሰጣቸው፤ በ1990 ዓ.ም. ዋንጫውን አንሥተው በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም ያሸነፉ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

ጉዳዩ በእግር ኳስ ብቻ አይወሰንም። በጃፓን ቤዝቦል ኳስን ከአጥር በላይ አሳልፈው 868 ጊዜ የመቱት ሳዳሃሩ ኦ፣ በተጫወቱበት በዮሚዩሪ ጃይንትስ አምስት ዓመት አሠልጥነው የአገሪቱን የመጨረሻ ዋንጫ ሳያገኙ ተሰናበቱ። ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሌላ ቡድን ነው።

ከእነዚህ ሁኔታዎች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ተጫዋች ጨዋታን የማንበብ ልምዱንና በተጫዋቾች ዘንድ ያለውን ተሰሚነት ይዞ ወደ አሠልጣኝነት ይሻገራል። ግብ የማስቆጠር ችሎታውን ግን ለሌላ ሊያውስ አይችልም። በዚያ ፋንታ መምረጥን፣ ማዘጋጀትንና ከተጋጣሚ አቅም ጋር ማመዛዘንን መማር አለበት፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል።

ማጠቃለያ

መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ በይበልጥ የታወሱት በ1954ቱ ግብ ነው። ያ ተገቢ ቢሆንም የ1974ቱን ሥራ ሊሸፍነው አይገባም። ጥያቄው ለታሪክ ብቻ የሚተው አይደለም፤ በመካነ ሰላምም ሆነ በሌሎች የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከተሞች ታዳጊዎችን ለማሠልጠን የሚነሣ የቀድሞ ተጫዋች ሁሉ የሚገጥመው ነው። ፍትሐዊ ምዘና አሠልጣኙ በጉልምስናው ስንት ግብ እንዳገባ ሳይሆን፣ ምን ይዞ እንደጀመረ፣ ከማን ጋር እንደተጋጠመና ለመማር ምን ያህል ጊዜ እንደተሰጠው ይጠይቃል።