ፋይን (የእንግሊዝኛ ቃል)

ፋይን በአራት ፊደላት (ኤፍ፣ አይ፣ ኤን፣ ኢ) የሚጻፍ የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እንደ አገባቡ ቅጽል፣ ስም፣ ግስ ወይም ተውሳከ ግስ ይሆናል። በአማርኛ አንድ ቋሚ አቻ የለውም፤ «ደህና»፣ «ምርጥ»፣ «ቀጭን»፣ «የላመ»፣ «ንጹሕ»፣ «ብራ»፣ «እሺ» እና «መቀጮ» ሁሉም በየቦታቸው ትክክለኛ ትርጉሞቹ ናቸው። ቋንቋውን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ቃሉን መጀመሪያ የሚያውቀው ለሰላምታ እንደሚሰጥ መልስ ነው። ስለዚህ በውል፣ በሐኪም ወረቀት ወይም በመንገድ ምልክት ላይ ሲያገኘው በቀላሉ ይሳሳታል።

የቃሉ አመጣጥ

ምንጩ «ፊኒስ» የሚለው የላቲን ቃል ነው። ትርጉሙም መጨረሻ፣ ዳርቻ ወይም ወሰን ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በመካከለኛው ዘመን በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ነው። «መጨረሻ» የሚል ቃል እንዴት «ምርጥ» ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት አማርኛው ራሱ ይበቃል፦ «ፈጸመ» ማለት ጨረሰ ሲሆን «ፍጹም» ደግሞ እንከን የሌለው ማለት ነው። የእንግሊዝኛውም ጉዞ ይኸው ነው። እስከ መጨረሻው የተሠራ ነገር ጥሩ ተባለ፤ በጥንቃቄ የተሠራ ጨርቅ ወይም ክር ቀጭንና ለስላሳ ስለሚሆን ቃሉ ቀጭንንም ረቂቅንም ያዘ።

የቅጣት ትርጉሙም ከዚሁ ሥር ነው። መነሻው ነገርን በገንዘብ ከፍሎ መጨረስ፣ መገላገል ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ደግሞ «ፋይን» የመሬት ማስተላለፊያ ስምምነት ስምም ሆኖ ቆይቷል። ሻጭና ገዢ ለይስሙላ ተካሰው በዳኛ ፊት «የመጨረሻ ስምምነት» ያደርጉ ነበር። ከ1195 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስምምነቱ በአንድ ብራና ላይ ሦስት ጊዜ እየተጻፈ በተዥጎረጎረ መስመር ይቆረጥ ነበር፤ ሁለቱን ቅጂዎች ተዋዋዮቹ ይወስዳሉ፣ የግርጌው በመንግሥት ግምጃ ቤት ይቀመጣል። ሐሰተኛ ሰነድ የያዘ ሰው ቢመጣ ሦስቱ ቁርጥራጮች ሲገጣጠሙ ይታወቅበታል። ይህ አሠራር የተሻረው በ1833 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው።

ፊኒሽ፣ ፋይናል፣ ዲፋይን፣ ሪፋይን እና ፋይናንስ የቃሉ ዘመዶች ናቸው። በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ፋይናንስም በመጀመሪያ ዕዳን ከፍሎ መጨረስ ማለት ነበር። በሙዚቃ ኖታ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ጣልያንኛው «ፊኔ» በእንግሊዝኛው ቃል ፊደላት ቢጻፍም የጥንት ትርጉሙን እንደያዘ ነው፤ ዜማው እዚህ ያበቃል ማለት ነው።

ደህና ወይስ ምርጥ?

ቃሉ ከስም በፊት ሲመጣ ምስጋናው ከፍ ያለ ነው፦ «ፋይን» ሐኪም ማለት የተመሰገነ፣ የተዋጣለት ሐኪም ነው። ከ«ነው» ጋር በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ሲመጣ ግን ይቀዘቅዛል። ምግቡ «ፋይን» ነበር ያለ እንግዳ ምግቡን አላደነቀም፤ ምንም አይል፣ ይበላል ማለቱ ነው። ባለቤቷ እንደ ሙገሳ ወስዳው ብትደሰት ተሳስታለች። በአሜሪካ የመንገድ ቋንቋ ደግሞ ስለ ሰው ሲነገር ቆንጆ፣ ሸጋ ማለት ይሆናል።

ብቻውን ሲነገር ድምፁ ይወስነዋል። ተረጋግቶ ከተባለ «እሺ፣ ተስማምቻለሁ» ነው። ቁጣ ካለበት ግን «እንግዲያው እንዳሻህ!» ከሚለው አይለይም። ተጨማሪ ቡና ይምጣልህ ሲባል «አይ ኤም ፋይን» ብሎ የሚመልስ ሰው ስለ ጤናው እየተናገረ አይደለም፤ በቃኝ ማለቱ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ግራ ያጋባል፣ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ «ደህና ነኝ» ብሎ ቡና እምቢ ማለት የለም።

ልማዱ ክብደት የሚኖረው ሐኪም ቤት ውስጥ ነው። ሐኪሙ እንዴት ነህ ሲል ታማሚው ከአፉ ቀድሞ «ፋይን» ሊል ይችላል፤ አማርኛውም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ሕመሙን ለኋላ ያቆየዋል። ስለዚህ አስተርጓሚ ሰላምታውን ከምርመራ መልስ መለየት ይኖርበታል።

ቀጭን፣ የላመ፣ ደቃቅ

እብጠት ሲመረመር ናሙና የሚወሰድበት «ፋይን» መርፌ ጥሩ መርፌ ሳይሆን ቀጭን መርፌ ነው። በልጆች እድገት መከታተያ ቅጽ ላይ «ፋይን ሞተር» የሚባለው የጣቶችን ጥቃቅን እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ እርሳስ መያዝንና ቁልፍ መቆለፍን ይመለከታል። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ የአየር ብናኞችም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ስለሚገቡ ጎጂዎች ናቸው እንጂ «ፋይን» የተባሉት ደህና ስለሆኑ አይደለም።

ለዱቄት ሲሆን «የላመ» የሚለው ልክ ነው፣ «የላመ የጣመ» እንደሚባለው። ዝናብ «ፋይን» ከሆነ ካፊያ ነው፤ የአየሩ ጠባይ «ፋይን» ከሆነ ግን ብራ ነው፣ ጠብ የሚል ነገር የለም።

በወርቅ ንግድ ቃሉ የጥራት መለኪያ ነው። ከ1,000 ክፍል ስንቱ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ በቁጥር ይገለጻል፦ 18 ካራት 750፣ 22 ካራት 916 ገደማ ነው። «ፋይን» ወቄት ሲባልም የሚቆጠረው 31.1 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ ብቻ ነው፤ የተቀላቀለበት መዳብ ወይም ብር አይታሰብም።

በውል ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚታተመው ጽሑፍ «ፋይን ፕሪንት» ይባላል። የወለድ ለውጥ፣ የውል ማፍረሻ ክፍያና የመሳሰለው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ስሙን «ጥሩ ኅትመት» ብሎ የተረጎመ ሰው ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል።

መቀጮ

እንደ ስም ቃሉ በሕግ የሚጣል የገንዘብ ቅጣት ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሚጠቀምበት «መቀጮ» የተሻለው አቻ ነው፤ «ቅጣት» እስራትንም ስለሚጨምር ይሰፋል። «ፋይን ፎር ፓርኪንግ» የሚል ምልክት ለእንግሊዞቹም የቆየ ቀልድ ነው፦ አንዱ «እዚህ መኪና ያቆመ ይቀጣል» ብሎ ያነባል፣ ሌላው «ማቆም ይቻላል» ብሎ። የሚከፍለው ሁለተኛው ነው።

ተመሳሳይ ቃላት

ለቅጣት ትርጉሙ የሚቀርቡት «ፔናልቲ» እና «ፎርፊት» ናቸው። ሁለቱንም የኢትዮጵያ እግር ኳስ ተመልካች ፔናሊቲና ፎርፌ ብሎ ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን ፔናልቲ የግድ ገንዘብ አይደለም፣ ፎርፊት ደግሞ መብትን ማጣትን ይጨምራል። ለደህንነት «ኦኬይ» እና «ዌል»፣ ለቀጭን «ቲን»፣ ለረቂቅ ውበት «ዴሊኬት» ይተኩታል። አንዳቸውም ግን ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው አይሻገሩም፤ ቀጭን መርፌን «ኦኬይ» መርፌ የሚል የለም።

እንደ ግስ፣ ከመቅጣት ሌላ ቢራን ወይም ወይንን ማጥራት ማለትም ነው። የወይን ጠማቂዎች ለዚህ የእንቁላል ነጩን ይጠቀማሉ፤ ደለሉን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል።