ሻይ በ92 ዲግሪ

አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም። ከተማዋ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ይቀላል። ማንቆርቆሪያው ወደ 92 ዲግሪ ሲጠጋ መንተክተክ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ እሳቱ ምንም ቢነድ ውሃው ተንኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ደብረ ብርሃን ሲወጡ መፍያው ወደ 90 ይወርዳል፣ ድሬዳዋ ሲወርዱ ወደ 96 ይደርሳል፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ይሞላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ስለ ሻይ ስንከራከር ይህን ነገር አናነሳውም። አንዱ የኬንያን፣ ሌላው የውሽውሽን፣ ሌላው የሲሎንን ቅጠል ያወድሳል፤ አንዱ ያለ ቀረፋና ቅርንፉድ የቀረበለት ሻይ አይጥመውም፣ ሌላው ቅመም የሻይን ጣዕም ይገድላል ይላል። ክርክሩ ሁሉ ስለ ቅጠሉ ነው። ስኳሩን ትተን ብንመዝነው ግን ብርጭቆው ውስጥ ካለው ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ የሚሆነው ውሃ ነው። የሻይ ልማዶች በየስፍራው ለሚገኘው ውሃ፣ ከፍታና ቅጠል ሰው በሙከራ ያገኛቸው መላዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም የቱ ሻይ ይሻላል የሚለው ጥያቄ የት፣ በምን ውሃ፣ ከምን ጋር ካልተባለ መልስ አይኖረውም።

ከቅጠሉ እንነሳ። ጥቁርም አረንጓዴም ሻይ የሚገኘው ካሜሊያ ሲኔንሲስ ከሚባል ከአንድ ተክል ነው። ሁለት ዋና ዋና ዝርያዎች አሉት፤ ብርድ የሚችለው ባለ ትንንሽ ቅጠሉ የቻይና ዝርያ፣ ሙቀትና ዝናብ የሚወደው ባለ ሰፋፊ ቅጠሉ የአሳም ዝርያ። የአሳሙ ካቴኪን የተባሉት ውህዶች በብዛት ይገኙበታል። ቅጠሉ ተቀጥፎ ሲጨፈለቅ፣ በሕያው ቅጠል ውስጥ ተለያይተው የነበሩት ካቴኪኖችና አንድ ኤንዛይም ይገናኛሉ፤ የተቆረጠ ፖም አየር ሲያገኘው እንደሚጠቁር ሁሉ ቅጠሉም ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ ለጥቁር ሻይ ደማቅ ወርቃማ ቅላቱን የሚሰጠው ቴአፍላቪንና ወደ ቡናማ የሚያደላው ቴአሩቢጂን ይፈጠራሉ። አረንጓዴ ሻይ የሚገኘው ቅጠሉ ገና ትኩስ ሳለ በእንፋሎት ወይም በጋለ ድስት ተመትቶ ያ ኤንዛይም ሥራ ሲያቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ አሳም ውስጥ ቅጠሉን ጨፍልቆ፣ ቀድዶና ጠቅልሎ ጥቃቅን ፍሬ የሚያደርግ ማሽን ተሠራ። ዛሬ የምሥራቅ አፍሪካ ሻይ አብዛኛው የሚዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው። የደቀቀ ቅጠል ለውሃ የሚያጋልጠው ገጽ ሰፊ ነውና ቀለሙንና ጉልበቱን በደቂቃዎች ይለቃል፤ አፍ የመያዝ ጠባዩም እንዲሁ ይበረታል።

ቅጠል ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል አይወጣም። ለሻይ ለስላሳ ጣፋጭነት የሚሰጠው ቴአኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ለብ ባለ ውሃም በቀላሉ ይሟሟል። ካፌይንና ካቴኪኖች ግን ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር በብዛት ይወጣሉ። ጃፓኖች ጊዮኩሮ የሚባለውን ሻይ ሊቀጠፍ ሲል ለሦስት ሳምንት ያህል በጥላ ይሸፍኑታል፤ ፀሐይ ቴአኒኑን ወደ ካቴኪን እንዳታስለውጠው ነው። ከዚያም ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውሃ ይነክሩታል። ያንኑ ቅጠል በፈላ ውሃ ቢመቱት የብዙ ሳምንት ድካም በአንድ ደቂቃ ምሬት ይሸፈናል። የቲቤት ነገር ተቃራኒ ነው። ላሳ 3,650 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃዋ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ወደዚያ ሲጫን የኖረው ደግሞ እንደ ጡብ ተጠፍጥፎ የደረቀ ሻካራ ቅጠል ነው። እንዲህ ያለውን ቅጠል በዚህ ሙቀት ነክሮ ማውጣት ትርፉ ቀጭን ውሃ ነው። ቲቤቶች ስለዚህ ቅጠሉን ለረጅም ሰዓት ያፈሉታል፣ ብዙ ጊዜም ሶዳ ይጨምሩበታል፤ ከዚያ በቅቤና በጨው ይንጡታል። ካሽሚሮችም አረንጓዴ ቅጠል ከሶዳ ጋር አፍልተው፣ ደጋግመው እያንቸለቸሉ አየር ያስገቡበትና ወተት ሲገባበት ሮዝ የሚሆን ሻይ ያወጣሉ። እኛ አገር ቅጠሉን ብራድ ወይም ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከቅመሙ ጋር ጥዶ ማንተክተክና ወደ ፔርሙዝ ማጥለል የተለመደ ነው። ለለንደን ሰው ይህ ሻይ ማበላሸት ሊመስለው ይችላል። በ92 ዲግሪ ለሚፈላ ውሃ ግን ሙቀቱ የነፈገውን በጊዜ ማካካሻ ነው። ለባህር ዳርቻ አገር በተጻፈው መመሪያ መሠረት ከረጢቱን ሦስት ደቂቃ ነክሮ ማውጣት እዚህ ቀጠን ያለ ሻይ ቢሰጥ አይገርምም።

ከሙቀቱ ሌላ በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር አለ። በ8ኛው መቶ ዘመን የሻይን ድርሳን የጻፈው ቻይናዊው ሉ ዩ ውሃን በማዕረግ ከፍሎ የተራራውን አንደኛ፣ የወንዙን ሁለተኛ፣ የጉድጓዱን መጨረሻ አድርጎታል። ኬሚስት አልነበረም፤ ግን አልተሳሳተም። ከኖራ ድንጋይ መካከል የሚወጣ፣ ሳሙና በቀላሉ የማያረፋበት፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያበጅ ውሃ ካልሲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ባይካርቦኔቱ የሻዩን አሲድነት ስለሚቀንስ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሕይወት ያለው ቅላቱ ይጠፋል። በላዩ የሚንሳፈፈውን ስስ ሽፋን ማይክል ስፒሮና ዴኦግራቲየስ ጃጋንዪ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ውስጥ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1993 በኔቸር መጽሔት አስነብበዋል፤ ካልሲየም፣ ባይካርቦኔትና የአየር ኦክሲጅን ከሻዩ ውህዶች ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ትንሽ አሲድ ያጠፋዋል። ሻይ በሎሚ አዝዞ ብርጭቆው ውስጥ ሻዩ ድንገት ሲፈካ ያየ ሁሉ ይህን ኬሚስትሪ በዓይኑ አይቶታል። ነጋዴዎች ነገሩን ከሳይንቲስቶቹ አስቀድመው ያውቁት ነበር። ቶማስ ሊፕተን በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ሻዩን ሲያስተዋውቅ ለገዢው ከተማ ውሃ የሚስማማ ድብልቅ ነው ይል ነበር፤ ዛሬም እንግሊዝ ውስጥ ካልሲየም ለበዛበት ውሃ ተብሎ ለብቻው የተደባለቀ ሻይ በገበያ ይሸጣል። አንድ ቅጠል ስኮትላንድ ውስጥ ተወድዶ ለንደን ውስጥ ቢናቅ ከሰዎቹ ምላስ በፊት ቧንቧቸውን መጠርጠር ይገባል።

ቅመም የቅጠሉን ጉድለት መሸፈኛ ነው የሚለው ክስ እዚህ ላይ መልስ ያሻዋል። አፍ የሚይዘው ነገር ጣዕም ሳይሆን ስሜት ነው፤ የሻዩ ውህዶች ምራቃችንን የሚያሙለጨልጩትን ፕሮቲኖች ይዘው ስለሚያዘቅጧቸው አፋችን ይደርቃል። ወተት ይህን ከምንጩ ይፈታዋል፤ ኬዚን የተባለው ፕሮቲኑ ውህዶቹን ምራቃችን ዘንድ ሳይደርሱ ይይዛቸዋል። ሕንዶችና ኬንያውያን የደቀቀና ብርቱ ሻይ በወተት ማፍላታቸው ስለዚህ ብልህነት ነው። ስኳር ሥራው ሌላ ነው፤ ምሬቱን በስሜት ደረጃ ይጋርደዋል እንጂ ውህዶቹን አይዝም። አሁን የኦርቶዶክስ ቤተሰብን እናስብ። ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ጾም ነው፣ ወተት አይነካም። ለብርቱው ጥቁር ሻይ የቀረው ስኳርና ቅመም ነው። ቀረፋ ራሱ ሳይጣፍጥ አፍንጫችን ከጣፋጭ ጋር ያዛምደዋል፤ የቅርንፉድ ዩጂኖል ምላስን በጥቂቱ ያደነዝዛል። የእነዚህ ቅመሞች ዘይት ውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ መንተክተክ ያስፈልጋቸዋል። ያ ደግሞ ከፍታው አስቀድሞ ያስገደደው አፈላል ነው። ልማዱ ከጾሙ ወይም ከከፍታው ተወለደ ማለቴ አይደለም። ግን የጸናው ከሁለቱም ጋር ስለተስማማ ይመስለኛል፤ ጉድለት መሸፈኛ ብሎ ማቃለል ይህን ሁሉ ስምምነት አለማየት ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የታሪክ ነው። ቱርኮች ሻይ ጠጪ የሆኑት በኬሚስትሪ ሳይሆን በዘመናቸው ነው፤ ኦቶማን ሲፈርስ የየመን ቡና ከእጃቸው ወጣ፣ አዲሱ ሪፐብሊክም ሪዜ አካባቢ ሻይ ተከለ። ሞሮኮዎች ከናና ጋር የሚያፈሉት የቻይና አረንጓዴ ሻይ የበዛላቸው የክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝ ነጋዴዎችን አዲስ ገበያ እንዲፈልጉ ሲያስገድድ ነው። ይህ እውነት ነው፤ የቱ ቅጠል የት እንደሚደርስ የሚወስኑት መርከብ፣ ግብርና ጦርነት ናቸው። ቅጠሉ ከደረሰ በኋላ ምን ሲደረግ እንደሚጠጣ የሚወስነው ግን ማጀቱ ነው። ሌላው ተቃውሞ ከዘር ውርስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ400,000 በላይ የብሪታንያ ነዋሪዎችን መረጃ ያየ ጥናት የካፌይንን ምሬት አጥብቀው የሚቀምሱ ሰዎች ወደ ቡና፣ የኪኒንን ምሬት አጥብቀው የሚቀምሱ ደግሞ ወደ ሻይ እንደሚያደሉ አሳይቷል። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነበር፤ አንድ ጎረቤት ከሌላው ለምን እንደሚለይ ያስረዳ ይሆናል፣ አንድ አገር ከሌላው ለምን እንደሚለይ ግን አያስረዳም። ደረጃ ወጥቶለታል የሚሉም አሉ። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ዓለም አቀፍ የሻይ አዘገጃጀት ደረጃ አለ፤ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ 6 ደቂቃ። ዓላማው ግን ጥሩ ሻይ ማስጠጣት ሳይሆን ቀማሾች ናሙናዎችን በአንድ መስፈሪያ እንዲያወዳድሩ ነው፤ ደግሞም ውሃው ሻዩ የሚጠጣበትን ስፍራ ውሃ እንዲመስል ያሳስባል።

የቀረው ልማድ ነው፣ እርሱም ቀላል አይደለም። ምላስ ከልጅነት ይማራል፣ ሰውም ሲሰደድ የተማረውን ይዞ ይሄዳል። የሻይ ቅጠልና ቅመም ሻንጣ ውስጥ ከሚገቡት ናቸው፤ ከፍታ ግን አይጫንም፣ ውሃም አይጫንም። ዋሽንግተን ለባህር ወለል ቅርብ ስለሆነች ውሃዋ በ100 ዲግሪ ይፈላል። የባህረ ሰላጤው አገሮች ከተሞች በብዛት የሚጠጡት ጨዉ ተጣርቶ፣ ማዕድኑ በፋብሪካ የተመጠነ የባህር ውሃ ነው፤ የለንደኑ ደግሞ ኖራ የበዛበት። ከአገር ቤት የመጣው ሻይ እዚያ ጠቆር፣ መረር ብሎ ሲገኝ ቅጠሉ ከርሟል ወይም ተቀይጧል ማለት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቅጠሉ ምንም አልሆነም፤ ለ92 ዲግሪ የተማረው እጅ በ100 ዲግሪ ያንኑ ያህል ደቂቃ አንተክትኮታል። ቀረፋውና ቅርንፉዱ እንደ ወትሮው ጊዜ ወስደው ይፍሉ፤ ቅጠሉ ግን እሳቱ ሊጠፋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ይግባ። ለንደን ከሆነ ደግሞ ጠብ የምትል ሎሚ።