ከጎባ እስከ ደሎ መና በቢስክሌት

«አገርህን እወቅ» የሚለው ቃል ከትምህርት ቤት ጀምሮ በጆሮአችን ሲደወል የኖረ ነው። ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ እያልን የአገራችንን የአየር ጠባይ በቃል አጥንተናል፤ ተጠይቀን መልሰናል፤ ማርክም አግኝተንበታል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ወዲህ ግን አንድ ነገር ያስደንቀን ጀምሯል። አራቱን የአየር ጠባዮች በስም የምናውቅ ብዙዎች ስንሆን፥ ተራ በተራ በቆዳችን የቀመስናቸው ጥቂቶች ነን። አራቱንም በአንድ ጉዞ የሚያቀምስ መንገድ በባሌ አለ። እርሱም ከጎባ ተነሥቶ፥ የሳነቴን አምባ ተሻግሮና የሐረናን ደን ሰንጥቆ ወደ ደሎ መና የሚወርደው በጠጠር የተሠራው መንገድ ነው። ርዝመቱ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናወጋው ይህን መንገድ በቢስክሌት ስለ መጓዝ ነው።

በአገራችን የቢስክሌት ስም የተጠራው በአብዛኛው በአስፋልት ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ ቢስክሌተኞቿም አብረው ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በቅርብ ዓመታት ግን በዓለም ላይ «ግራቭል» የተባለ፥ ለጠጠር መንገድ የታሰበ ቢስክሌት ተስፋፍቷል። የዓለም ሻምፒዮናውም ለመጀመሪያ ጊዜ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በኢጣልያ፥ በቬኔቶ አውራጃ ተደርጓል። እኛ ይህን ዓይነቱን «የፒስታ ቢስክሌት» ብንለው ሁሉም ይገባዋል።

የፒስታ ቢስክሌት መሪው እንደ እሽቅድምድም ቢስክሌት የታጠፈ ሲሆን፥ ጎማው ሰፊ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። ነፋሱ ለስለስ ተደርጎ ስለሚሞላ ጎማው በጠጠሩ ላይ አይነጥርም፤ ጠጠሩን እየዋጠ ያልፋል። አንዳንዶቹ የውስጥ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ እሾህ ቢወጋቸው ቀዳዳውን የሚደፍን ፈሳሽ ይጨመርባቸዋል። ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽና ለቁልቁለት የሚሆን ጠንካራ ፍሬን አላቸው። በባሌ መንገድ ሁለቱም በእጅጉ ያስፈልጋሉ።

ዳገቱ

ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ እስከ ሳነቴ አምባ ድረስ መንገዱ ወደ ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጽድና ኮሶ ይታያል፤ ቀጥሎ አስታ ይመጣል፤ አስታውም እያደር አጭር ቁጥቋጦ ይሆንና በመጨረሻ ዛፍ የሚባል ነገር ይጠፋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ሲደረስ ሰፊው አምባ ይዘረጋል። በዚያ ሜዳ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የሆነው ጅብራ እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል፤ በየጎድጓዳውም ኩሬዎች ይብለጨለጫሉ። ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው፥ 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ የሚገኘው እዚሁ ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ተራራ» ማለት ነው።

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ጉልበተኛ ነኝ ያለው ወጣት እንኳ በሐሳቡ ልክ መርገጥ አይችልም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ዳገት ይመስላል። ቀስ ብሎ የሄደ ሰው ግን ዋጋውን ያገኛል። በዓለም ላይ 500 ያህል ብቻ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ቀይ ቀበሮ ከጉድጓዱ ብቅ የሚለውን ግዙፍ ፍልፈል ለመያዝ አድብቶ የሚጠብቅበት ሜዳ ይህ የሳነቴ አምባ ነው። በመኪና የሚያልፈው መንገደኛ አቧራውን እንጂ ይህን አደን ለማየት ዕድሉ ጥቂት ነው።

ቁልቁለቱ

አምባው በደቡብ በኩል በድንገት ያልቃል። ከገደሉ አፋፍ ወደ ታች ሲመለከቱት የሐረና ደን ከደመናው ሥር እንደ ባሕር ተኝቶ ይታያል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ከላይ ቁጥቋጦ የነበረው አስታ ተመልሶ ዛፍ ይሆናል፤ ከቅርንጫፎቹም የሽማግሌ ጢም የመሰለ ሽበት ተንጠልጥሏል። ጥቂት ወረድ ሲባል የሪራ መንደር ይገኛል። ከሪራ አካባቢ ቀርከሃ አለ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ተራሮች ካልሆነ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኘው የባሌ ጦጣም ቀለቡ በአብዛኛው የዚሁ ቀርከሃ ቅጠል ነው።

ከሪራ በታች ደኑ እየከበደ፥ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል። በግንዶቹ ላይ ከፍ ብለው የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎች ይታያሉ። ወደ ወይና ደጋው ሲገባ ደግሞ ከታላላቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሎ ይገኛል። በመጨረሻም ደኑ ሳስቶ የደሎ መና ቆላ ይቀበለናል። ከአምባው እስከዚህ ድረስ የተወረደው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል የሚጨምር ስለ ሆነ፥ ጠዋት በካፖርት የተነሣው ተጓዥ ከቆላው በሸሚዝ ይገባል።

መንገዱ ለማን ይጥቀም?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ክብሩ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ደን አይጠብቅም። በ1992 ዓ.ም. የተነሣው እሳት ከባሌ ደኖች ሰፊውን ክፍል እንደ በላ የሚታወስ ነው። ምጣድና ማረሻም እያንዳንዳቸው የየዕለት ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ከእነዚህ ተራሮች የሚፈልቁት ወንዞች፥ እነ ወልመልና ወይብ፥ ውኃቸው በገናሌ በኩል ወደ ሶማሌ ቆላዎች ስለሚዘልቅ፥ በሐረና የሚወድቀው ዛፍ ጉዳቱ ለባሌ ሰው ብቻ አይደለም።

በደን ውስጥ የሚያልፍ መንገድ ጎብኝንም መጥረቢያንም ያስገባል። በሪራ የሚኖረው ገበሬ ደኑን ቆሞ ቢያየው ይሻለዋል ወይስ ጥሎ ቢሸጠው የሚለው ጥያቄ በስብከት አይመለስም፤ የሚመለሰው በኪሱ ነው። ባለመኪናው ከጎባ ቁርሱን በልቶ ለምሳ ደሎ መና ስለሚደርስ ሪራን የሚያውቃት በመስኮት ነው። ቢስክሌተኛው ግን ሳይወድ በግድ ይቆማል። ይርበዋል፤ ይጠማዋል፤ ይመሽበታል። ምግብ ይገዛል፤ ማደሪያ ይከራያል፤ መንገድ መሪ ይቀጥራል፤ ሲሄድም ማርና ቡና ይዞ ይሄዳል። በፍጥነት የሚነዱ መኪናዎች በአምባው ላይ ቀይ ቀበሮ የገጩበት ጊዜ አለ፤ ቢስክሌት ግን ከዚህ ነፃ ነው። ስለዚህ የቢስክሌት ጉዞ ለሪራ ሰው የቆመ ደን ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ማስረጃ ሊሆን ይችላል እንላለን።

ለመሄድ ያሰበ አንባቢ ጥቂት ነገር ያስታውስ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ደረቅ ስለ ሆኑ ለጉዞ ይመረጣሉ፤ ነገር ግን የአምባው ሌሊት ውኃ ያረጋል፤ የቀኑም ፀሐይ ፊት ይልጣል። ከመነሣት በፊት በጎባ ወይም በዲንሾ አንድ ሁለት ቀን ሰንብቶ ሰውነትን ከከፍታው ጋር ማለማመድ ይገባል። በዲንሾ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ ጸጥታው መጠየቅ፥ የመግቢያውን ክፍያ መፈጸምና የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ መያዝ ግዴታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ጉዞው በሁለት ቀን ይከፈል፤ አዳሩም ሪራ ይሁን። ከቁልቁለቱ በፊት ፍሬን ይመርመር። ሽማግሌ ሲያጋጥም ከቢስክሌቱ ወርዶ «አካም ጅርቱ» ማለት ከሁሉ የሚቀድም ስንቅ ነው።

ወጣቶቻችን የዕረፍት ጊዜያቸውን የት እንደሚያሳልፉ ሲጨነቁ እንሰማለን። ጎማቸውን ነፍተው፥ ብርድ ልብሳቸውን አስረው ወደ ባሌ ቢያቀኑ፥ በትምህርት ቤት በቃል ያጠኑትን በእግራቸው ረግጠው ይመለሳሉ፤ የሪራ ሰውም እንግዳ የሚያመጣለት ደን እንዳለው ያያል።