ስክሪንሾት ደመወዝ አይሆንም

ትናንት ማታ አልጋ ላይ ሆናችሁ ያነበባችሁት የፍርድ ቤት ዜና ስንት ብር የወጣበት ይመስላችኋል? እናንተ ጥቂት ሜጋባይት ከፍላችኋል። የጻፈችው ልጅ ግን ችሎት ለመድረስ ሁለት ታክሲ ቀያይራለች፤ ጉዳዩ ሲቀጠር በሳምንቱ ተመልሳ ሄዳለች፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» እያለ ስልክ የሚዘጋ ኃላፊ ሁለት ቀን አንከራቷታል። ከዚያ አርታኢ አየው፣ ጠበቃ ተጠየቀ፣ ወጣ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ስክሪንሾት አድርጎ ትልቅ የቴሌግራም ቻናል ላይ ለጠፈው፣ ከሥሩም የጫማ ማስታወቂያ አስከተለ። የጫማው ብር ለማን እንደገባ ልንገራችሁ? ይቅር፣ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ የመጣሁት ለልመና ነው። ለራሴ አይደለም፤ እኔ የምጽፍበት ጋዜጣ እንደምንም ጨረታ አለው፣ የሐዘን መግለጫ አለው፣ የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት አለው። የምለምነው አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ድረ ገጽ ለሚያዘጋጁት ልጆች ነው። ጨረታ የላቸውም።

ድረ ገጽ ርካሽ ነው የሚባለው አንድ ሰሞን እውነት ነበር። ወረቀት የለ፣ ማተሚያ ቤት የለ። አዲስ ስታንዳርድ በጥቅምት 2009 ዓ.ም.፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ የኅትመት መጽሔቱን ሲያቆም ሥራው የቀጠለው ድረ ገጽ ስለነበረው ነው። አሁን ግን ርካሹ ነገር ራሱ በዶላር ሆኗል። ሰርቨሩ በዶላር፣ የድረ ገጹ ስም ዕድሳት በዶላር፣ ቪዲዮ የሚቆርጡበት ሶፍትዌር በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። የአንባቢው ቁጥር በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ያንን አይሸፍንም።

«ማስታወቂያ አይሠሩም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ይሠራሉ፣ ሲገኝ። ግን ማስታወቂያ ሰጪ ኩርፊያ ያውቃል። ገዢዎች ከፍለው ስላልተረከቡት አፓርታማ የጻፈ ድረ ገጽ በማግሥቱ የሪል ስቴት ባነር አይጠብቅም። ለጋሽም ቢሆን አንድ ቀን በሩን ይዘጋል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በአንድ ፊርማ ሲያግድ በብዙ አገር ያሉ የዜና ክፍሎች ደመወዝ ጠፋባቸው። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት ያኔ ይፋ ባደረገው ቁጥር መሠረት ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 6,200 ጋዜጠኞችንና 707 መንግሥታዊ ያልሆኑ የዜና ተቋማትን ይደግፍ ነበር። ዋሽንግተን በተፈረመ ወረቀት ሌላ አገር ያለ ዘጋቢ ከሥራ ይወጣል ማለት ነው። ይኼ ነፃነት ከተባለ፣ በጣም የተከራየ ነፃነት ነው።

ታዲያ ማን ይቀራል? እናንተ።

ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ የደቡብ አፍሪካውን ዴይሊ ማቬሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2009 በድረ ገጽ ነው የጀመረው። በ2017 ከአማቡንጋኔና ከኒውስ24 ጋር ሆኖ የጉፕታ ቤተሰብ ከባለሥልጣናት ጋር የነበረውን ጉድ የሚያሳዩ ኢሜይሎችን አወጣ፤ በዓመቱ በየካቲት ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ሥልጣን ለቀቁ። ሥራው ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ ዜናውን ከፍሎ ለሚያነብ ብቻ አልቆለፈውም። በ2018 የአንባቢ አባልነት ከፈተ፦ የቻለ የቻለውን በየወሩ ይክፈል፣ ያልቻለም በነፃ ያንብብ። ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ድረ ገጹን ለአንድ ቀን ዘጋው፤ ጋዜጠኛ የሌለበት ቀን ምን እንደሚመስል ለማሳየት። እኔ ይህን የመዝጋት ነገር ብዙም አልወደድኩትም፣ ማስፈራራት ይመስላል። ግን ገብቶኛል።

እኛ ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለንም። ለህዳሴው ግድብ 8100 ላይ «ኤ» ብለን የላክን ሰዎች ነን። እድር የሚባል ነገር ያለን፣ ለማናውቀው ሰው ሕክምና በአንድ ሌሊት ሚሊዮን የምናዋጣ ሰዎች ነን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ሲባል አድገናል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው፤ 2,000 አንባቢ በወር 50 ብር ቢሰጥ 100,000 ብር ነው። አራት ሰው ላለበት ቢሮ ይኼ ኪራይና ኢንተርኔት ከፍሎ ለትራንስፖርትም የሚተርፍ ነው። 2,000 ሰው ደግሞ ብዙ አይደለም፤ አንድ የኳስ ቀልድ ስንት ሰው ሼር ያደርገዋል?

ውጭ ያላችሁማ፣ ሪያድና ዱባይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ቴል አቪቭ ያላችሁ፣ የሠፈራችሁን ወሬ ከእኛ ቀድማችሁ የምታነቡት እናንተ ናችሁ። በየወሩ ለቤተሰብ ብር ስትልኩ አንድ ድረ ገጽ እንደ አንድ የአክስት ልጅ ቁጠሩት።

ለማንም ስጡ ግን አልልም። ስሙን የማያወጣ አዘጋጅ ካለው፣ ሲሳሳት ጽሑፉን ድምፁን አጥፍቶ የሚሰርዝ ከሆነ፣ ርዕሱ «አስደንጋጭ» እያለ ውስጡ ባዶ ከሆነ ብራችሁን ያዙ። ተሳስተናል ብሎ እርማት የሚጽፍ፣ «ምላሽ ለማግኘት ደውለን አልተሳካልንም» ሲል በእርግጥ የደወለ፣ የምትደግፉትን ሰውዬ ሳይቀር የሚጠይቅ ካገኛችሁ ግን እሱን ያዙ። በተለይ የመጨረሻውን። የራሳችንን ወገን ሲነካ «ተሸጠ» ብለን የምንቆርጠው ድጋፍ ከማስታወቂያ ሰጪው ኩርፊያ በምን ይለያል?

ተማሪ ነኝ፣ ደመወዝ የለኝም ለሚል ደግሞ፦ ማንም አያስገድድህም ወንድሜ። አንቺም እንደዚያው። ስክሪንሾቱን ትተሽ ሊንኩን ላኪ፣ በቃ። ሰው ገጹ ላይ ገብቶ ሲያነብ ቁጥሩ ይመዘገብላቸዋል፣ ማስታወቂያ ሲለምኑ የሚያሳዩት እሱን ነው።

ለድረ ገጾቹም አንድ ነገር ልበል። ባለፈው ሳምንት ለአንዳችሁ ትንሽ ብር ልልክ ፈልጌ የሒሳብ ቁጥር ፍለጋ ሩብ ሰዓት ገጹን ከላይ እስከ ታች ስወጣ ስወርድ ቆየሁ፤ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ ጽሑፍ ሥር ነው። የቴሌብርና የባንክ ቁጥራችሁን እያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር አድርጉት፣ በየሦስት ወሩም ስንት ገባ፣ ለምን ዋለ የሚል አንድ አንቀጽ ጻፉ። ሊሰጥ የመጣን ሰው አታሰልፉት።