ኦርጋኑ ወደ ዶርዜ ዘፈን ወይስ ዘፈኑ ወደ ኦርጋኑ?

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የሄደ ሰው፥ ዶርዜን የሚያስታውሰው በሸማውና ከቀርከሃ በተሠራው ረጅም ቤቱ ነው። ይህ ጸሐፊ ግን የዶርዜን ስም በሰማ ቍጥር ትዝ የሚለው ዘፈኑ ነው። አንዱ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከሥር ይይዛል፤ ሦስተኛው በመካከል ጣልቃ ይገባል፤ የቀሩት ደግሞ በየተራ አንዲት ድምፅ እየወረወሩ ያጅባሉ። ሁሉም አንዱን ዜማ ይዞ እንደሚወጣበት እንደ ብዙው የአገራችን ዘፈን አይደለም። ሎርታ ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ሊቅ ይህንኑ ቀርጾ በ1977 (ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሸክላ አሳትሞታል።

ታዲያ በሠርግ ቤት ኦርጋን የሚጫወት አንድ ወዳጄ፥ «የዶርዜ ሽማግሌዎችን ላጅብ ነው፤ የትኛውን ኦርጋን ልያዝ? ቅኝቱንስ እንዴት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን በዚህ ነገር ብዙ መቶ ዓመት ተከራክረውበታል።

ነገሩ ከሒሳብ ይጀምራል። የአንድ ድምፅ ንዝረት በአንድ ተኩል ቢባዛ ለጆሮ እጅግ የሚስማማ ሌላ ድምፅ ይገኛል። እንዲህ እያሉ 12 ጊዜ ቢወጡ መነሻው 129.7 ጊዜ ያህል ይባዛል። በእጥፍ 7 ጊዜ የወጣ ግን 128 ላይ ይቆማል። ሁለቱ አንድ ቦታ መገናኘት ነበረባቸው፤ አልተገናኙም። ኦርጋን መቃኘት ማለት እንግዲህ ይህችን ትርፍ የት እንደሚደብቋት መወሰን ነው። የጥንቶቹ አብዛኛውን አጣፍጠው፥ ያልተስማማውን ሁሉ በአንድ ጥግ ጣሉት፤ ጥጉ ሲነካ ስለሚያላዝንም «ተኩላ» አሉት። እኛ ብንሆን ጅብ እንለው ነበር። ለፍሬስኮባልዲ ሥራ ይህ ቅኝት ይስማማል። ባኽ ግን በ1722 24ቱንም መደብ የሚያዳርስ መጽሐፍ ሲጽፍ፥ ተኩላው በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ተበትኖ እንዲገባ ግድ ሆነ። የዛሬው ፒያኖ ደግሞ ለሁሉም እኩል አካፍሎታል፤ የትም ቢመቱት አያላዝንም፥ ከእጥፉ በቀር ግን የትም ቢሆን ጥርት ብሎ አይገጥምም። የባሮክ ሙዚቃ ተጫዋች ኦርጋኑን አስቀድሞ የሚመርጠው ስለዚህ ነው፤ ያን ሁሉ ቧንቧ ለአንድ ምሽት ብሎ እንደ ገና የሚቃኘው የለምና።

ኦርጋን ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጧቸው ስጦታዎች አንዱ ኦርጋን እንደ ነበረ አብሮ የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ጽፏል፤ የሚጫወተውም ሰው ከእነርሱ ጋራ መጥቶ ነበር። ወደ ዶርዜ የሚቀርብም አለ። ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ ያሉት ደራሼዎች «ፊላ» የሚባለውን የቀርከሃ ቧንቧ ይነፋሉ። እያንዳንዱ ቧንቧ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ሰው ተራውን ጠብቆ ይነፋል። በእግሩ የሚጨፍር ኦርጋን ብንለው ማጋነን አይሆንም።

ዶርዜ ሲዘፍን ግን ቧንቧም አላስፈለገው። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ስለሚዘፍን 12ቱን ዞሮ የመግጠም ጣጣ የለበትም፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ይከተለዋል። የእኔ ፍርሃት፥ ኦርጋኑ ሲገባ ሁሉም ጆሮውን ወደ እርሱ አዙሮ የየራሱን መንገድ እንዳይተው ነው። በሽሮ ሜዳ ያደገ የሸማኔ ልጅ የአያቱን ዘፈን እንዲህ ተስተካክሎ ብቻ ከሰማው፥ ከሥር የሚይዘውን ድምፅ ከማን ይማረዋል?

ለወዳጄም፥ «ድምፁን አንድ በአንድ ጥቂት ዝቅና ከፍ ለማድረግ የሚያስችል የኤሌክትሪክ ኦርጋን አለ፤ እርሱን ያዝ። መጀመሪያ አዳምጥ፤ ከዚያ ኦርጋኑን ወደ ሰዎቹ አምጣው» አልሁት።

እንዳልሁት አደረገ። የመጀመሪያው ዘፈን በሁለት ቍልፎች መካከል ስለ ወደቀ፥ ኦርጋኑን በትዕግሥት ዝቅ አድርጎ ገጠመው። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛውን ሲጀምሩ ግን ከሌላ ቦታ አነሡት። ወዳጄ ኦርጋኑን ዘግቶ ሲያጨበጭብ አመሸ።